በመንገዳችን ላይ ያሉ ሙዚየሞች፦ ስለ ዕቃው የሚናገረው ማነው?

በዚህ ዕትም የታሪክ ዓምዳችን ስለ ሙዚየም ያወጋል። «እዚህ አቧራ ውስጥ ቁጭ ብለን የምን ሙዚየም ነው?» የሚል ተማሪ እንደማይጠፋ እናውቃለን፤ አንዱ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ብሎናል። ነገር ግን ከካኩማ ተነስቶ በሎድዋር በኩል ወደ ናይሮቢ የሚጓዝ አውቶቡስ በሁለት ሙዚየሞች አጠገብ ያልፋል። አንዱ ካፔንጉሪያ፣ ሌላው ኪታሌ ይገኛል። ብዙዎቻችን በዚያ መንገድ ሄደን ተመልሰናል፤ ሙዚየሞቹን ግን አላየናቸውም። አንድም መኪናው በሌሊት ስለሚያልፍ ነው፣ አንድም የይለፍ ወረቀታችን ላይ የተጻፈው ቀን ስለሚያሳስበን።

ከእኛ ከመምህራኑ መካከል ለሥልጠና ሄደው ኪታሌ የሰነበቱ አሉ። እነሱ አይተው ያወሩንን፣ ከመጻሕፍት ያገኘነውንና በትምህርት ቤታችን የሞከርነውን አንድ ላይ አድርገን ነው የምንጽፈው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

ሙዚየም ዕቃ ይሰበስባል፤ ይሄ የታወቀ ነው። ዕቃ ግን አፍ የለውም። ተማሪዎች በአውቶቡስ ተጭነው ሲመጡ፣ የበዓል ቀን ሲደርስ፣ ሽማግሌዎች ተጋብዘው ሲቀመጡ፣ ከዕቃው ጎን ቆሞ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ማነው? የዕቃው ባለቤት ነው ወይስ ዕቃውን የሰበሰበው? እኛ ነገሩን የምናየው በዚህ በኩል ነው።

ኪታሌ፦ ከቢራቢሮ የተጀመረ ሙዚየም

ኪታሌ ያለችበት የትራንስ ንዞያ ምድር ለም ነው። ገበያችን ላይ የምናየው በቆሎና ጎመን አብዛኛው ከዚያ አቅጣጫ ተጭኖ ይመጣል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ከ1919 ጀምሮ፣ የእንግሊዝ መንግሥት በዚህ አካባቢ ያለውን መሬት ከጦርነት ለተመለሱ ወታደሮቹ አደለ። ነባሩ ሕዝብ በገዛ አገሩ ጢሰኛና የእርሻ ሠራተኛ ሆነ። ይህን አስቀድመን የምንናገረው ሙዚየሙን የመሠረተውም ሰው እንግሊዛዊ የጦር መኮንን ስለነበረ ነው። ሌተና ኮሎኔል ሂዩ ስቶንሃም ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ ነፍሳትን፣ አእዋፍንና መጻሕፍትን ሲሰበስብ የኖረ ሰው ነው። በ1926 የግል ሙዚየም አቋቋመ። በ1966 ሲሞት ስብስቡን ለኬንያ መንግሥት፣ ከዚያም በላይ ለአዲስ ሕንፃ የሚሆን ገንዘብ ተናዘዘ። አዲሱ ሕንፃ በ1974 ተከፈተና የምዕራብ ኬንያ ብሔራዊ ሙዚየም ተባለ፤ ዛሬ ኪታሌ ሙዚየም የምንለው ማለት ነው። (1974 ድንቅነሽ ሐዳር ላይ የተገኘችበት፣ አገራችንም አብዮት የገባችበት ዓመት ነው። ለፈተና ቀኑን ማስታወስ ለሚቸገር ሦስቱን አብሮ መያዝ ይቀላል።)

እንግዲህ አስቡት። አንድ ሰው እያንዳንዷን ቢራቢሮ በመርፌ ወግቶ፣ የላቲን ስሟን በትንሽ ወረቀት ጽፎ፣ የተያዘችበትን ቀንና ቦታ መዝግቦ ያስቀምጣል። ይህ የሚናቅ ሥራ አይደለም። ለሳይንስ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የሳይንስ መምህሮቻችን በዚህ ላይ አይደራደሩም። ነገር ግን ቢራቢሮዋን ተሸክሞ ያመጣው ሠራተኛ፣ የወንዙን ስም የነገረው እረኛ በዚያ ወረቀት ላይ ቦታ አልነበራቸውም። በዚያ ዘመን የነበረ የግል ስብስብ አሠራሩ እንዲህ ነው፤ የሚናገረው ሰብሳቢው ብቻ ነው።

ኪታሌ ሙዚየምን ሙዚየም ያደረገው፣ በእኛ አስተያየት፣ ከነፍሳቱ ሳጥን ውጪ ያለው ግቢ ነው። ግቢው ውስጥ የሉኦ፣ የናንዲ፣ የቡኩሱና የሌሎችም የአካባቢው ሕዝቦች ባህላዊ ቤቶች ተሠርተዋል። አገር በቀል ዛፎች የቀሩበት ትንሽ ደን አለ፣ መሀሉን የእግር መንገድ ያቋርጠዋል። እባብ አለ፣ አዞ አለ፣ ኤሊ አለ። ከላም ፍግ ጋዝ አውጥቶ ምግብ የሚያበስል ማሳያም አለ። ለምን ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ፍግ ተቀመጠ ብሎ የሚስቅ ካለ፣ በማገዶ ምክንያት ከቱርካና ወንድሞቻችን ጋር ስንት ጊዜ እንደተጣላን ያስታውስ። የትምህርት ቤት ልጆች እባቡን ለማየት ይመጣሉ፤ ሲወጡ ግን ስለ ጋዙና ስለ ቤቶቹ ሰምተው ነው።

ባልደረቦቻችን አንድ ነገር አጫውተውናል። ያስጎበኘቻቸው ወጣት የቡኩሱ ልጅ ነበረች። በቡኩሱ ቤት ፊት ቆማ እናት የት እንደምትተኛ፣ እህል የት እንደሚቀመጥ፣ አማች የት ድረስ እንደሚገባ ስትናገር አፏ ማር ነው። የሉኦው ቤት ጋ ሲደርሱ ግን «ይህን የሚያውቀው ሌላ ነው» ብላ የሥራ ጓደኛዋን ጠራች። ለእኛ ትልቅ ትምህርት ሆኖ ያገኘነው ይሄን ነው። ታሪክ ስናስተምር ስለ ኑዌር፣ ስለ ሶማሌ፣ ስለ ኮንጎ ሰው ሁሉን እኛ ተናግረን የምንጨርስበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ባለቤቱ ተቀምጦ እያለ።

ካፔንጉሪያ፦ እስር ቤቱ ራሱ ዕቃ ሲሆን

ካፔንጉሪያ ከኪታሌ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሙዚየሙ ትንሽ ነው። ዋናው ዕቃ የሰው ቅርስ ወይም ቅሪተ አካል ሳይሆን የእስር ክፍሎቹ ራሳቸው ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦክቶበር 20 ቀን 1952 የቅኝ ገዢው መንግሥት በኬንያ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። የማው ማው ንቅናቄ ተነስቶ ነበር። በዚያው ሌሊት ብዙ መሪዎች ተያዙ፤ ከእነሱም ስድስቱ ማለትም ጆሞ ኬንያታ፣ ፖል ንጌይ፣ ፍሬድ ኩባይ፣ ቢልዳድ ካጊያ፣ አቺዬንግ ኦኔኮና ኩንጉ ካሩምባ ማው ማውን መርታችኋል ተብለው ተከሰሱ። ናይሮቢ ላይ ፍርድ ቤት ጠፍቶ አይደለም ካፔንጉሪያ የተወሰዱት። ካፔንጉሪያ ሩቅ ናት፤ ባቡር አይደርስባትም፣ ሆቴል አልነበራትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያለፈቃድ የማይገባበት የተከለለ አውራጃ ነበረች። ሕዝብ ተሰብስቦ መምጣት አይችልም ማለት ነው። ችሎቱ የተቀመጠው በትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነው። ከእንግሊዝ አገር የመጣው ጠበቃ ዲ. ኤን. ፕሪትና ጓደኞቹ የሚያድሩበት ቦታ ስላልነበረ ከኪታሌ እየተመላለሱ ይከራከሩ ነበር።

ፍርዱ የተሰጠው ኤፕሪል 8 ቀን 1953 ሲሆን ለእያንዳንዳቸው 7 ዓመት ከከባድ የጉልበት ሥራ ጋር ነበር። ዳኛው ራንስሊ ታከር ይባላል፤ ከመንግሥት 20,000 ፓውንድ እንደተቀበለ በኋላ ታውቋል። ራውሰን ማቻሪያ የሚባለው ዋናው የዐቃቤ ሕግ ምስክር ደግሞ በ1958 «በሐሰት ነው የመሰከርኩት፣ ትምህርትና ጥቅም ቃል ተገብቶልኝ ነው» ብሎ ወጣ። ምን ሆነ መሰላችሁ? ፍርዱ አልተሻረም፤ ታሳሪዎቹም አልተፈቱም። እሱ ራሱ ይህን በመናገሩ ተከሶ ታሰረ።

ከፍርዱ በኋላ እስረኞቹ የተላኩት ወዴት ነው? ወደ ሎኪታውንግ። ከዚህ ከእኛ በስተሰሜን፣ በዚሁ በቱርካና ምድር። ይህን ስንናገር ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ በፊት ታሪክ ማለት ሩቅ አገር የተደረገ ነገር ይመስላቸው የነበሩ ልጆች ቀና ይላሉ። ኬንያታ ዕድሜው ገፍቶ ስለነበር ድንጋይ ከመፍለጥ ቀርቶ ለጓደኞቹ ምግብ ያበስል ነበር። የአንድ አገር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት በዚህ ሙቀት ከድስት ጋር ሲታገል ይታያችሁ! በ1959 ፍርዱን ሲጨርስም ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ሎድዋር በግዞት ተቀመጠ። ቀጥሎ ማራላል ተወሰደ፤ ኦገስት 1961 ተለቀቀ። በ1963 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 12 ኬንያ ነፃ ወጣች።

ቱርካናም በዚያ ዘመን ያለፈቃድ የማይገባበትና የማይወጣበት አውራጃ ነበር። ይህን ስናስተምር አንዲት ተማሪ «ታዲያ ያኔም የይለፍ ወረቀት ነበር ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችን፤ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ልዩነቱን ማስረዳት ነበረብን። ያኔ የተከለለው ሕዝቡ በገዛ አገሩ ሆኖ ነው፤ ኬንያታም የተፈረደበት እስረኛ ነው። እኛ ደግሞ ጥገኝነት ያገኘን እንግዶች ነን፤ የእኛ ወረቀት የሚመጣው ከስደተኞች ሕግ ነው። ግን እውነቱን ለመናገር ሳቁ ትርጉም አለው። ልጅቷ ታሪኩን በራሷ ኪስ ባለው ወረቀት ለካችው። ጥሩ ሙዚየምም የሚፈልገው ይሄንኑ ይመስለናል።

የካፔንጉሪያ ሙዚየም በ1993 ተከፈተ። ይህን ዓመት ልብ በሉልን። ያኔ ከስድስቱ አራቱ፣ ማለትም ኩባይ፣ ካጊያ፣ ንጌይና ኦኔኮ በሕይወት ነበሩ። ኬንያታ በ1978 አርፏል፤ ካሩምባ በ1974 ለንግድ ዩጋንዳ እንደሄደ ጠፍቶ ቀርቷል። ሙዚየሙ የተከፈተው እንግዲህ ምስክር እያለ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ጊዜው ሮጠ። ኩባይ በ1996፣ ንጌይ በ2004፣ ካጊያ በ2005፣ ኦኔኮ በ2007 አረፉ። አሁን ክፍሎቹ ብቻ ቀርተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። ኦኔኮና ካጊያ ከነፃነት በኋላ ከኬንያታ ጋር አልተስማሙም። ካጊያ በመሬት ጉዳይ ተጣልቶ ከመንግሥት ወጣ። ኦኔኮን ደግሞ በ1969 የኬንያታ መንግሥት ራሱ አሰረው፤ እስከ 1975 ድረስ። በቅኝ ገዢ እስር ቤት አብሮት የታሰረውን ሰው ማለት ነው። ኦክቶበር 20 ለረጅም ጊዜ «የኬንያታ ቀን» ተብሎ ይከበር ነበር፤ ከ2010 ሕገ መንግሥት ወዲህ «ማሹጃ»፣ የጀግኖች ቀን ሆኗል። ስሙ መለወጡ ትክክል ነው እንላለን። በዚያ ቀን ልጆችን ሰብስቦ የስድስቱን ስም ማስጠራት ቀላል ነው። ከባዱ ስለ ኦኔኮ ሁለተኛው እስር መናገር ነው። አስጎብኚው እዚያ ላይ ድምፁን ዝቅ ካደረገ፣ ልጆቹ እስር ቤት የሚሠራው የውጭ ሰው ብቻ ነው ብለው ይወጣሉ። እኛ ከመጣንባቸው አገሮች ይህን የማይረዳ ሰው ያለ አይመስለንም።

ከእኛ ምድር የወጣው ልጅ

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። በ1984 ካሞያ ኪሜው የሚባለው ታዋቂ ኬንያዊ ቅሪተ አካል ፈላጊ ናሪዮኮቶሜ ላይ፣ በሐይቁ ምዕራብ ዳር፣ የአንድ ልጅ አጥንት አገኘ። «የቱርካና ልጅ» ይባላል። ዕድሜው 1.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን በዓለም ላይ ከተገኙት ጥንታዊ የሰው ዘር አጥንቶች በሙሉነቱ ወደር ከሌላቸው አንዱ ነው። የሚገኘው ናይሮቢ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ነው። ለጥበቃው ሲባል ምክንያቱ ይገባናል፤ እንዲህ ያለ ነገር ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አይቀመጥም። ድንቅነሽም በ2007 አሜሪካ ለትዕይንት ሄዳ እስከ 2013 ድረስ ከአገር ውጪ በቆየችበት ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ክርክር ነበር። የቱርካና እረኛ ግን ስለ ቱርካና ልጅ የሚሰማው ከእኛ ከስደተኞቹ መምህራን ሲሆን ትንሽ ያስገርማል። ባለፈው ከአካባቢው ማኅበረሰብ የመጡ ተማሪዎቻችን «እውነት ከዚህ ነው የተገኘው?» ብለው ሦስት ጊዜ ጠይቀውናል።

ሎይያንጋላኒ፦ ዕቃው ገና ከሥራ ሳይወጣ

ከሐይቁ ማዶ፣ በደቡብ ምሥራቁ ዳር፣ ሎይያንጋላኒ የምትባል ነፋሻ መንደር አለች። እዚያ በ2008 «የበረሃ ሙዚየም» የተባለ ሙዚየም ተከፈተ፤ ሐይቁን ቁልቁል በሚያይ ኮረብታ ላይ። በዚያው ዓመት የተጀመረው የሐይቅ ቱርካና የባህል ፌስቲቫል ሕዝቦቹን አንድ ላይ ሲያመጣ ቆይቷል። ኤልሞሎ፣ ቱርካና፣ ሳምቡሩ፣ ሬንዲሌ፣ ጋብራ፣ ቦረና፣ ዳሰነች፣ ቡርጂ፣ ኮንሶም ሳይቀር። ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ከእነዚህ ስንቶቹ ስሞች አዲስ ናቸው? ቦረናው፣ ጋብራው፣ ዳሰነቹ፣ ቡርጂው፣ ኮንሶው ከወሰኑ ወዲያም አለ።

እነዚህ ሕዝቦች ሁልጊዜ በሰላም የሚኖሩ አይደሉም። በግጦሽ፣ በውኃ፣ በከብት ይዋጋሉ፤ ጠመንጃም አለ። በፌስቲቫሉ ቀን እያንዳንዱ የየራሱን ቤት ይተክላል፣ የየራሱን ጭፈራ ያሳያል፣ ከዚያም ሌላውን ይመለከታል። ሰላም በጭፈራ ይመጣል ብለን የዋህ አንሁን። ነገር ግን አንድ ወጣት ጠላቴ የሚለው ሰው ቤት ውስጥ ገብቶ የወተት ዕቃው ከእናቱ የወተት ዕቃ ጋር አንድ ዓይነት አበጃጀት እንዳለው ቢያይ፣ ያን አለማየት ከእንግዲህ አይችልም።

የሎይያንጋላኒ ልዩ ነገር በሙዚየሙ የሚታየው ዓይነት ዕቃ በመንደሩም ገና በሥራ ላይ መሆኑ ነው። በርጩማው፣ የወተት ዕቃው፣ የዓሣ ማጥመጃው ደጅ ላይ አለ። ታዲያ ለምን ሙዚየም ያስፈልጋል? የኤልሞሎዎች ነገር መልሱን ይሰጣል። ኤልሞሎ ከዓሣ የሚኖር ትንሽ ሕዝብ ነው። የራሱ ኩሻዊ ቋንቋ ነበረው፤ ቋንቋውን አቀላጥፈው የሚናገሩት ሰዎች በሃያኛው መቶ ዘመን አልቀው ዛሬ ሕዝቡ የሚናገረው ሳምቡርኛ ነው። ሕዝቡ አለ፣ መረቡ አለ፣ ሐይቁ አለ፤ ቃሉ ግን ሄደ። ዕቃው ሳይጠፋ የዕቃው ስም ቀድሞ ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው። እዚህ ካምፕ የተወለዱ ልጆቻችን ጀበናን ያውቃሉ፤ ማቶቱን ግን «ያ የሚቀመጥበት ነገር» የሚሉ ሰምተናል።

ስለ ሐረር ሁለት ቃል እንበል፤ ከዚህ ጋር የሚሄድ ስለሆነ። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የሚባሉ የሐረር ሰው ከ1991 በኋላ የከተማቸውን ቅርስ በራሳቸው ጥረት መሰብሰብ ጀመሩ። የጥንት ብራና፣ ሳንቲም፣ ጌጣጌጥ፣ በካሴት የተቀዳ የሐረሪ ዘፈን ሳይቀር። መንግሥት አላዘዛቸውም። መጀመሪያ የከፈቱት በገዛ ቤታቸው ሲሆን በኋላ የራስ መኮንን መኖሪያ የነበረው ቤት ተሰጣቸው። የተቀደደ መጽሐፍ መጠረዝም ተምረዋል። ስቶንሃምም፣ አቶ አብዱላሂም የግል ሰብሳቢዎች ናቸው። ልዩነታቸው አቶ አብዱላሂ የሚሰበስቡት ከጎረቤታቸው መሆኑ ነው፤ ጎረቤት ደግሞ ዕቃ ሲሰጥ ወሬውንም አብሮ ይሰጣል። ቢዋሽ እንኳ የሚያርመው ሌላ ጎረቤት አለ።

እኛ ያደረግነው

ሜይ 18 ከ1977 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የሙዚየም ቀን ተብሎ ይከበራል። ተማሪዎቻችንን ካፔንጉሪያ መውሰድ አልቻልንም፤ ለአርባ ልጅ የይለፍ ወረቀትና የመኪና ኪራይ ከአቅማችን በላይ ነው። የኢንሴንቲቭ መምህር ኪስ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ በዚያ ቀን ሁለት ክፍል አጽድተን፣ ዴስኮቹን በግድግዳው ዙሪያ ደርድረን «ከቤታችሁ አንድ አሮጌ ዕቃ አምጡ፤ ግን ከባለቤቱ ጋር» አልናቸው። ዕቃ ብቻ ይዞ የመጣ አይገባም ነበር። አንዳንዱ ተማሪ በዚህ ተናደደ።

የመጣው ዕቃ ብዙ ነው። ከሱዳን በእግር ሲመጡ ውኃ የተያዘበት ቅል፣ የኦሮሞ እናት የወተት ጮጮ፣ ከሞቃዲሾ የመጣ የቤት ቁልፍ፣ አፉ የተሰበረ ጀበና፣ የራዲዮ ቅርፊት። ብዙ ሰው የቆመው ግን ማንም ያልጠበቀው ዕቃ ፊት ነው፤ ያረጀ የራሽን ካርድ። ዳር ዳሩ በመብሻ የተበሳሳ። እናትየው በየቀዳዳው ላይ ጣታቸውን እያሳረፉ «ይቺ በቆሎ ብቻ የተሰጠበት ወር ናት፣ ይቺ ልጄ የተወለደችበት ናት» ይሉ ነበር። ከ2015 ጀምሮ ከራሽኑ ከፊሉ «ባምባ ቻኩላ» በሚባለው የስልክ ገንዘብ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ትንንሾቹ ልጆች መሰለፍን እንጂ ካርዱን አያስታውሱትም። በአሥር ዓመት ውስጥ የዕለት ተዕለት ነገር የታሪክ ዕቃ ሆነ።

የስም ነገር ግን ቸገረን። ካፔንጉሪያ ላይ የስድስቱ ስም በይፋ ይነገራል፤ ክብራቸው ነው። እኛ ግን ከዕቃው በታች የባለቤቱን ስም መጻፍ ስንጀምር አንድ አባት ተነስተው «ተው፣ እኔን የሚፈልግ ሰው አለ» አሉ። ልክ ናቸው። ስደተኛ ስሙን የሚደብቅበት ምክንያት አለው። ስለዚህ የዕቃውን ስም በባለቤቱ ቋንቋ፣ ከየት እንደተነሳና በስንት ዓመት እንደመጣ ጻፍን፤ የሰውየውን ስም ተውነው። የታሪክ ትምህርታችን ስም፣ ቀን፣ ቦታ መዝግቡ ይላል፤ እኛ ደግሞ ከሦስቱ አንዱን በፈቃዳችን አስቀረነው። ትክክል አይደለም የሚል መምህር ከመካከላችን አለ፤ ክርክሩ አላለቀም።

በዚያ ቀን ከመጡት ዕቃዎች አንዱ የዋልዳ ደብተር ነው። ዋልዳ በሞያሌ በኩል የነበረ ካምፕ ነው። በ1991 መንግሥት ሲለወጥ ከኢትዮጵያ የወጡ ብዙ ሰዎች እዚያ ነበሩ፤ በ1993 ሲዘጋ ከእነሱ ብዙዎቹ ወደ ካኩማ ተጓጓዙ። ደብተሩ እዚያ ዛፍ ሥር ያስተምሩ የነበሩ አንድ አዛውንት መምህር የስም መጥሪያ ነው። ሽፋኑ የለም፣ ጠርዙን ምስጥ በልቶታል። የልጆቹ ስም ግን በጥሩ የቁም ጽሕፈት ተጽፏል፤ አብዛኞቹ ዛሬ የልጆች አባትና እናት ናቸው፣ አንዳንዶቹ አውስትራሊያና አሜሪካ ናቸው፣ አንዳንዶቹ የት እንደሆኑ አይታወቅም።

አዛውንቱ የጉዞ ቀናቸው ደርሶ ነበር። ደብተሩን ይተዉልን ወይስ ይውሰዱት የሚለው ሁለት ሳምንት አነጋገረን። እሳቸው «የሰው ልጅ ስም አደራ ነው፤ ይዤው እሄዳለሁ» አሉ፤ ይዘውትም ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት ግን አምስት ከሰዓት በኋላ ከእኛ ጋር ተቀምጠው፣ እሳቸው እያነበቡ እኛ እየጻፍን ገለበጥነው። ከስሞቹ የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ እንድንጽፍ አዘዙን፤ እንዳዘዙን አደረግን። የትምህርቱን ዓይነት፣ ቀኑን፣ «ዝናብ»፣ «ጠመኔ የለም»፣ «ውኃ ልንቀዳ ሄድን» የሚሉትን ማስታወሻዎች ግን ሙሉ በሙሉ ገልብጠናል።

አንድ ነገር ብቻ ሳይፈታ ቀርቷል። ከአንዳንድ ስሞች ጎን በቀይ እስክሪብቶ የተሠራ ትንሽ ክብ አለ። የቀሩ ልጆች ምልክት አይደለም፤ ለቀሪ ሌላ ምልክት አላቸው። አዛውንቱም ረጅም ጊዜ አስበው አላስታወሱትም። የታመሙ ናቸው? ደብተር ያልደረሳቸው ናቸው? ያለ ወላጅ የመጡ ናቸው? ቅጂው በመምህራን ክፍል ባለው የብረት ሳጥን ውስጥ ይገኛል፤ ሐሙስ ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ይከፈታል። እናቱ ወይም አባቱ በዋልዳ ትምህርት ቤት የነበሩ ተማሪ ካለ፣ ስለ ቀዩ ክብ ቤት ውስጥ ይጠይቅልን። ከቻሉ ራሳቸው ይምጡ።